ራስን የማጥፋት ሐሳብ በገጠር፦ ድሮ እንዴት ነበር፣ አሁንስ?

«ሲስተር ከገጠር» ጻፈች፦

ሰላም ቤተሰብ። በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በሌላ ክር ላይ አንድ ሰው «ራስን ማጥፋት የከተማ ሰው ጣጣ ነው፤ ገበሬ ለእንዲህ ያለ ነገር ጊዜ የለውም» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔን ግን ዝም ማለት አላስቻለኝም።

እኔ ክፍል የሚመጣ ገበሬ «መሞት እፈልጋለሁ» ብሎ አይጀምርም። «ራሴን ይወቅረኛል» ይላል። «ልቤ ድው ድው ይላል፤ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም» ይላል። ስለ እርሻው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ስንጫወት ቆይተን አንገቱን ይደፋና «ምነው በተኛሁበት በቀረሁ» የምትል ነገር ታመልጠዋለች። እናቶች ደግሞ «ለልጆቼ ብዬ ነው እንጂ...» ይሉና እዚያው ላይ ይተውታል። እኔ መስማት ያለብኝ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ድሮ አልነበረም የሚባለውም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ዙሪያ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን አስጠይቀው ነበር። 3.2 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደሚያውቁ ተናገሩ። ሁለት መቶ አዋቂ ባለበት ጎጥ ስድስት ሰው ማለት ነው። ያኔ እዚያ አገር ስማርት ስልክ የለ፣ ቲክቶክ የለ።

እስቲ ንገሩኝ፤ በናንተ አካባቢ ድሮ እንዴት ይታይ ነበር? አሁንስ? አንድ ነገር ብቻ አደራ። የሟች ስም፣ ቀበሌ፣ አሟሟት አትጻፉ። ለቤተሰቡ ክብር ብቻ ብዬ አይደለም፤ ዝርዝሩ በዚያው ሐሳብ ውስጥ ያለ አንባቢን ይጎዳል። በዚያ ሐሳብ ውስጥ ሆነሽ ወይም ሆነህ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። ሌሊቱን ብቻችሁን አትደሩ። ቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ።

«ዓባይ ማዶ» ጻፈ፦

ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ። ጎጃም ነው ያደግኩት። ልጅ እያለሁ አንድ የአባቴ ዘመድ በዚህ መንገድ ሄደ። እናቴ «ድንገት አመመው» አለችን። እውነቱን ከእረኛ ጓደኞቼ ነው የሰማሁት። ፍትሐት አልተደረገለትም። የተቀበረው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ነው። ተዝካር የለ፣ ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው የለ። ሚስቱ ገበያ ስትወጣ ሰው መንገድ ይቀይርባት ነበር። ልጆቹን ለጋብቻ የሚጠይቅ ጠፋ፤ አንድ በአንድ አገር ጥለው ሄዱ።

ሰውየው ብዙ ጊዜ ታሞ ነበር እኮ። ማረስ አቁሟል። ከሰው ተለይቷል። እህል አይቀምስም። ይህን ሁሉም ያያል። «ዓይነ ጥላ ነው» ተባለ፣ «መተት ነው» ተባለ። «መኖር አስጠላህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይኼ ዛሬም ያንገበግበኛል።

«የሸዋ ልጅ» ጻፈ፦

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እኔ አልስማማም። ድሮ ሰው ብቻውን አይሆንም ነበር። ደቦ አለ፣ ማኅበር አለ፣ ጠዋት ማታ ቡና አለ። የከፋው ሰው ጎረቤት ገብቶ ሆዱን ተንፍሶ ይወጣል። ዛሬ ገጠሩም ቢሆን ወጣቱ ስልኩ ላይ ተደፍቷል፣ አዛውንቱ በር ዘግቶ ተቀምጧል። የተበላሸው አሁን ነው።

«ሲስተር ከገጠር» ጻፈች፦

@የሸዋ ልጅ፣ ስለ ደቦውና ስለ ማኅበሩ ያልከውን እቀበላለሁ። ለብዙ ሰው መዳኛው እሱ ነው፤ እኔም ታካሚዎቼን «ማኅበርህን እንዳታቆም» እላቸዋለሁ። ነገር ግን ዓባይ ማዶ የጻፈውን ተመልከት። ደቦ የሚወጣውና ቡና የሚጠራራው ያ ሕዝብ ነው ያችን ሴት ያገለላት። ስለ ድህነት፣ ስለ ልጅ ሞት አብሮ የሚያለቅስ ሰው ይህ ነገር ሲነሳ አፉን ይዘጋል።

የተለወጠም አለ። መሬቱ አንሷል። አያት በጥማድ የሚያርሰውን መሬት ዛሬ ወንድማማቾች ተከፋፍለውት ለአንዱ የሚደርሰው ቤተሰብ አይመግብም። የማዳበሪያ ዕዳ አለ። ዝናቡ ሲቀር ዕዳው አይቀርም። እኔ ክፍል ሰው የሚበዛው ክረምት ላይ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ አዲሱ እህል ገና ሳይደርስ። ሴቶቹ ጋ ደግሞ ሌላ ነው። በልጅነቷ ተድራ የምትደበደብ አለች። ልጅ አልወልድ ብላ «መካን» እየተባለች የምትሰደብ አለች። ይኼ ድሮም ነበር፤ አሁን ግን ቢያንስ አንዳንዷ ጤና ጣቢያ መጥታ ትናገራለች።

«ጡረተኛው ጤና ረዳት» ጻፈ፦

ልጆቼ፣ በደርግ ጊዜ ወሎ ውስጥ ጤና ረዳት ነበርኩ። የ77ን ድርቅ አይቻለሁ። መጠለያው ውስጥ ልጆቿን ቀብራ የተረፈች እናት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች። የሚሰጣትን አልሚ ምግብ አትነካም። እኛ «አልበላም አለች» ብለን እንመዘግባለን። የምናውቀው ይህን ብቻ ነበር። ለሐዘን መዝገብ አልነበረንም።

አእምሮው ታውኮ ራሱን ወይም ሰው የሚጎዳ ሲመጣ ያለን መፍትሔ አንድ ነው፤ አዲስ አበባ አማኑኤል። ለዚያውም ቤተሰቡ በሬ ሸጦ፣ ታማሚውን አስሮ፣ አውቶቡስ ለምኖ። ብዙዎቹ ከመንገድ ይመለሳሉ። ወይ ጸበል ይገባሉ፣ ወይ ጓሮ ታስረው ይቀራሉ።

ስለዚህ ዛሬ ሰው «ምንም አልተለወጠም» ሲል አልወድም። እ.ኤ.አ. በ1987 አማኑኤል ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች መሠልጠን ጀመሩ። ወደየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ፤ ብዙ ሰው ሰንሰለት የተፈታለት በነሱ እጅ ነው። ዶክተሮቹ ግን በውጭ አገር ነበር የሚሠለጥኑት፤ በጣት ይቆጠሩ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እዚሁ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙም የዚያው ዓመት ነው። ዛሬ በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዞር ሴት አለች። የወባ አጎበር ስትቆጥር የሰው ፊት ታያለች። እኔ በዚያ ዘመን እንደሷ ያለች አንድ ረዳት ባገኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

«ሐይቅ ዳር» ጻፈች፦

ጋሼ ስለ ወሎ ስላነሱ እኔም ልጻፍ።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ወደ አገር ስትመልስ አንዷ እኔ ነበርኩ። ስሄድ አባቴ ለደላላው ብር በሬውን ሸጧል። ማዳሜ ደመወዜን ይዛብኝ ነበር፤ ሌላ ያደረገችኝን እዚህ አልጽፍም። ስመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ብስኩትና ውኃ ተሰጠን፣ ወደየአገራችን ተሳፈርን። ሰፈር ስደርስ ዘመድ ሁሉ ሻንጣዬን ነው የሚያየው። ሻንጣ የለኝም።

መጀመሪያ እንቅልፍ ሄደ። ከዚያ ሰው ማየት ጠላሁ። ሌሊት የማዳሜ ድምፅ ሲጠራኝ እሰማና ከመደቡ ዘልዬ እነሳለሁ። እናቴ «ጂን ነው» አለች። ሸኾች ቁርአን ቀሩልኝ፤ ዱዓቸው ያረጋጋኝ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ሐሳቡ አልሄደም። «እኔ ባልኖር ለነዚህ ሰዎች አንድ አፍ ይቀንስላቸዋል» የሚል ሐሳብ ነው። ሲመጣ እንደ እብደት አይደለም የሚመጣው። እንደ ቁም ነገር፣ እንደ ሒሳብ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

ያወጣችኝ አክስቴ ናት። አንድ ቀን በቆሎ ስንፈለፍል «ልጄ፣ መሞት እያሰብሽ ነው እንዴ?» አለችኝ። በቃ፤ እንዲሁ። አልጮኸችም፣ «ሐራም ነው» አላለችም። አለቀስኩ። በማግስቱ አብራኝ ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ ያለው ነርስ ኪኒን ሰጠኝ፣ በየጊዜው እየተመላለስኩ አወራሁት። ቶሎ አልለቀቀኝም፤ ይመጣል ይሄዳል። ረመዳን ላይ ደህና ሆኜ ከርሜ ኋላ ተመልሶ ያዘኝ። ነርሱ «ሲመለስ ተመለሺ» ብሎኝ ስለነበር ሳላፍር ተመለስኩ።

አሁን ሁለት ልጆች አሉኝ። የመንደሩ ኢማምም በጁምዓ ንግግራቸው ስለ አረብ አገር ተመላሾች «አትጠይቋቸው ስንት አመጣሽ ብላችሁ፤ እንዴት ነሽ በሏቸው» ብለው ነበር። አላህ ይስጣቸው።

«ዓባይ ማዶ» ጻፈ፦

እህቴ፣ አክስትሽን አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሌላ ምንም ማለት አልችልም።

«ዲያቆን ዘጎንደር» ጻፈ፦

ስለ ፍትሐት የተነሳው ነገር ከበደኝ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቤተ ክርስቲያን ነፍስ የእግዚአብሔር ናት ብላ ታስተምራለች፤ ራስን ማጥፋት ኃጢአት ነው። ይኼ አይለወጥም። ነገር ግን አባቶች ድሮ ያዩትን እኛ ረስተነዋል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስ ስለዚሁ ጉዳይ ተጠይቀው ነበር። የመለሱት፣ ካህኑ ሰውየው አእምሮው ታውኮ እንደሆነ በጥንቃቄ ይመርምር ነው። ሳይመረምር ደጁን ይዝጋ አላሉም። ሳይመረምር ይክፈትም አላሉም።

ሰው በድብርት ታሞ እህል ውኃ ትቶ ከርሞ ከሞተ፣ አእምሮው ጤነኛ ነበር ማለት እንችላለን ወይ? እኔ በበኩሌ አልችልም። የንስሐ አባቶች ቤተሰቡን ቀርበው ይጠይቁ። ውሳኔው የሊቃውንት ነው፤ ምርመራው ግን ግዴታ ነው።

ደግሞ ነቢዩ ኤልያስን አስቡት። በመጀመሪያ ነገሥት ምዕራፍ 19 ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ እሱም በልቶ ጠጥቶ ደግሞ ተኛ። እኔ ጸበል ቦታ የሚመጡ ምዕመናንን ሳገኝ ይህን እነግራቸዋለሁ። ኪኒኑንም እንዳይጥሉ እነግራቸዋለሁ። በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ ተናግረው ነበር። ለአእምሮ መድኃኒትስ ለምን ይለያል?

«ከነታንያ» ጻፈች፦

እስራኤል ነው ያለሁት። ወላጆቼ ከጎንደር ገጠር በእግራቸው ሱዳን የወረዱ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4 ሺህ የሚሆን ወገናችን እንዳለቀ ይነገራል። አባቴ ታናሽ እህቱን በመንገድ ቀብሯት ነው የመጣው። እዚህ ደርሶ ፋብሪካ ሠራ፣ አንድ ቀን ስለሷ አላወራም። ገበሬ ነበር፤ ምኑንም የማያውቀው አገር ላይ ልጆቹ አስተርጓሚ ሆኑበት። እኛ ልጆች ዝምታውን «ጨዋነት» ብለን ነው ያደግነው።

የዲያቆኑን ጽሑፍ አነበብኩለት። ኤልያስ ላይ ስደርስ «ድገሚው» አለኝ። እዚህ አገር ያላችሁ በ1201 ደውላችሁ መናገር ትችላላችሁ፤ ኤራን ይባላል።

«የሸዋ ልጅ» ጻፈ፦

እሺ፣ ብዙ ነገር እያነበብኩ ነው፤ አመሰግናለሁ። ግን ሲስተር አንድ የምፈራው ነገር አለ። ሰውን «መሞት አስበሃል ወይ» ብሎ መጠየቅ ያላሰበውን ማሳሰብ አይሆንም? እኛ ጋ «ክፉ አታንሳ» ነው የሚባለው።

«ሜሪላንድ ያለሁት» ጻፈ፦

የኔም ጥያቄ ይኼው ነው። ወንድሜ ደብረ ብርሃን አካባቢ ገጠር ነው ያለው። በጦርነቱ ጊዜ ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። ስደውል «ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን» ይለኛል፣ ከዚያ ዝም። ሚስቱ ናት ማታ ማታ ብቻውን እንደሚወጣ የነገረችኝ። ብር እልካለሁ። ከዚያ ሌላ ምን ልበል? እዚህ አሜሪካ ቢሆን 988 ደውል እለዋለሁ። እዚያ ላለ ሰው ምን ይባላል?

«ሲስተር ከገጠር» ጻፈች፦

ሁለታችሁንም አንድ ላይ ልመልስ፤ ይህን ክር የከፈትኩበት ዋና ነገር እሱ ስለሆነ።

መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። በተለያዩ አገሮች ተደጋግሞ ተጠንቷል፤ መጠየቁ ሐሳቡን ሲያባብስ አልታየም። እኔም የማየው ይህንኑ ነው። የተጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትከሻው ይወርዳል፣ ይተነፍሳል። ሐይቅ ዳር እንዳለችው ነው። ሐሳቡ እዚያው ነበር፤ አዲስ የመጣው አብሮ የሚሸከም ሰው ነው።

አጠያየቁ ግን መንገድ አለው። ሰው ፊት አትጠይቁ። ሥራ እየሠራችሁ፣ ከብት እየነዳችሁ፣ እህል እየለቀማችሁ ይሻላል፤ ዓይን ለዓይን ሳትፋጠጡ። ከሰውነት ጀምሩ። «እንቅልፍህ እንዴት ነው? እህል ይበላልሃል?» ከዚያ ወደ ልብ ግቡ። «ይኼ ሁሉ ሲደራረብብህ መኖር ይሰለችሃል?» በሉት። አዎ ቢል አትሽሹ። «ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። «እንዲህ ያለ ነገር አታስብም አይደል?» ብላችሁ አትጠይቁ። እንዲህ የተጠየቀ ሰው «አላስብም» ብሎ ይዘጋችኋል።

አዎ ካለ ስብከት አትጀምሩ። «ለልጆችህ አታስብም?» አትበሉ፤ እሱ ከልጆቹ ጫና የሚቀንስ መስሎት ነው። አድምጡት። «ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል፣ አብሬህ ነኝ» በሉት። እንዴት አድርጎ እንዳሰበና መቼ እንዳሰበ ከነገራችሁ፣ በዚያ ሰዓት ብቻውን አትተዉት። አደገኛ ነገር ከቤት ይውጣ፤ አንድ ሰው አብሮት ይደር፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ።

@ሜሪላንድ ያለሁት፣ አንተ ደግሞ ከሩቅም ትችላለህ። ሚስቱ ያየችውን አይታለች፤ ከሷ ጋር ተመካከር። ስትደውል ስለ ብር አታውራ። «ከተፈናቀላችሁ ወዲህ አንተ ራስህ እንዴት ነህ?» በለው። ዝም ካለ ዝም በል፣ ስልኩን አትዝጋ። ከዚያ አንድ የሚያከብረው ሰው፣ አጎት ይሁን የንስሐ አባት፣ እጁን ይዞ ጤና ጣቢያ እንዲወስደው አድርግ። የትራንስፖርቱን አንተ ላክ። ብርህ እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው።

እዚያ ሲደርስ ምን ያገኛል ለምትሉ፦ በየጤና ጣቢያው ሁሉ እንደኔ ያለ ነርስ የለም። ግን በብዙ ቦታ ጤና መኮንኖችና ነርሶች በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሠልጥነዋል። ጉራጌ ዞን ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሲታዩና በሆስፒታል በአእምሮ ነርስ ሲታዩ ተነጻጽሮ ነበር። ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ የጤና ጣቢያው አላነሰም። ቅርብ ስለሆነ ሰው ይመላለሳል።

ደግሞ መድኃኒቱ ቶሎ አይሠራም፤ የድብርት ኪኒን ሳምንታት ይፈልጋል። ብዙ ሰው በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ሲሻለው በራሱ ያቆመዋል፤ ክረምት ሲገባ ሐሳቡ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ነው የምሰጠው፤ ኪኒኑንም ቤተሰብ እንዲይዘው አደርጋለሁ። መመላለሱ ራሱ ሕክምናው ነው። የቀረ ታካሚ ካለ ለጤና ኤክስቴንሽኗ እነግራታለሁ፣ ቤቱ ትሄድልኛለች።

«ዲኤው» ጻፈ፦

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አንብቤ አንድ ነገር አለማንሳት አልቻልኩም። ለገበሬው ፀረ ተባይና ፀረ አረም አጠቃቀም የምናስተምረው እኛ ነን። የት እንደሚቀመጥ ግን ማን ይከታተላል? ሃይላንድ ውስጥ ተገልብጦ አልጋ ሥር ይገኛል። ለሕፃናት አደጋ ነው ብለን እናስጠነቅቃለን፤ ተስፋ ስለቆረጠ አዋቂ ግን አንድ ቀን አንስተን አናውቅም።

ስሪላንካ በጣም መርዛማ የሆኑትን ኬሚካሎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከለከለች። ራሱን የሚያጠፋው ሰው ብዛት በሃያ ዓመት ውስጥ 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ምርቱ አልወደቀም። ሰዎቹ ወደ ሌላ መንገድ ዞረው አላለቁም፤ ብዙዎቹ ተረፉ። ክፉው ሰዓት ያልፋልና። በዚያ ሰዓት በእጅ የሚገባው ነገር ነው ሞትና ሕይወትን የሚለየው። መከልከሉ የመንግሥት ነው። እስከዚያው እኛ ጋ የሚሠራ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ።

የፊታችን እሁድ የቀበሌያችን እድር ስብሰባ አለው። ኬሚካሉ በየቤቱ መቀመጡ ቀርቶ ቁልፍ ባለው አንድ የጋራ ቤት እንዲቀመጥ ላነሳ ነው። የረጨ ሰው የተረፈውን ይመልሳል። ሲስተር፣ ለምን ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ራስን ማጥፋት የሚለውን ቃል ካነሳሁ ይበተናሉ ብዬ ፈራሁ።

«ሲስተር ከገጠር» ጻፈች፦

ከልጆቹ ጀምር፤ በዚያ ማንም አይቃወምህም። ከዚያ «ሰው በከፋው ሰዓት እጁ እንዳይገባም ነው» በላቸው። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግህም። ስብሰባው ላይ ካሉት ብዙዎቹ አንድ ሰው ፊታቸው ላይ ይመጣል፤ ይገባቸዋል። ቁልፉን ሁለት ሰው ይያዘው፣ አንዷ ሴት ትሁን። የጤና ኤክስቴንሽኗንም ጋብዛት፤ ከስብሰባው በኋላ ወደ ጎን ጠርቷት የሚያወራት ሰው አይጠፋም።

«ዲያቆን ዘጎንደር» ጻፈ፦

ከቻልክ የአጥቢያውን ቄስም ጥራ። ስብሰባው በጸሎት ሲከፈት እሳቸው ቢናገሩት ማንም አይበተንም።

«ዲኤው» ጻፈ፦

እሺ። ቄሱን ነገ ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። እሁድ የሆነውን እጽፍላችኋለሁ።